የክፍል ቁጥር የሌለው ጫካ

ለተከበሩ የውጭ አገር ትምህርት ጉዳዮች ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም አዲሱ የመኪናዎ መጠለያም በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ የቢሮዎን በር ቀብቼ «ክፍል 14» ብዬ የጻፍኩበት እኔው ስለሆንኩ፣ እርስዎ ባያውቁኝም በየማለዳው የእጄን ሥራ ገፍተው ይገባሉ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ተቆጥቼ ሳይሆን ደክሞኝ ነው፤ ቁጣማ ጉልበት ይፈልጋል።

ጉዳዩ የልጄ ነው። አንድ የውጭ አገር ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ተቀብሏት ነበር፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ጫካ ውስጥና ወንዝ ዳር፣ በገበሬዎች ቤት እያደሩ የአገሬውን አኗኗር እያዩ ነው። ከእኛ የሚፈለገው የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ቅጹ ላይ «የመማሪያ ክፍል ቁጥር» የሚል ቦታ ስላኖራችሁልን አመሰግናለሁ። ልጄ «ወንዝ ዳር» ብላ ሞላችው፤ ተመለሰባት። «ጫካ» አለችው፤ አሁንም ተመለሰ። ባዶውን ተወችው፤ ያልተሟላ ተባለ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ መነጽራቸውን አውልቀው «የኔ ልጅ፣ ክፍል ከሌለውማ ሽርሽር ነው የሚባለው» አሏት። እኔም ችግሩ የቁጥር ብቻ ከሆነ በገዛ ቀለሜ ባሕር ተሻግሬ ዛፎቹ ላይ ልጽፍ ፈቃደኛ መሆኔን በማመልከቻ አሳወቅሁ። ማመልከቻዬ ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል ውስጥ ገባ።

፪ኛ. ልጄን አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ግቢያችሁ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ስላስቀመጣችኋት አመሰግናለሁ። እሷ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅም፤ የትኛው ወፍ መቼ እንደሚመጣ፣ ጥላው በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ፣ ባለጉዳዩም ወረፋውን ይዞ ጥላውን እየተከተለ ግቢውን እንዴት እንደሚዞር በደብተሯ መዘገበች። ሽማግሌ ሲመጣ ጥላ ያለበትን ቦታ ለቆ መነሳት ማንም ያልጻፈው ደንብ እንደሆነም ጽፋለች። ውጭ አገር ሄዳ ልትማር ያሰበችውን ሳትሳፈር አስጀመራችኋት።

፫ኛ. በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዛፉ ተቆረጠ። መኪናዎን ፀሐይ ስለመታው ጥላ ሊሠራለት ነው ተባልን፤ መጠለያው የቆመውም ዛፉ በነበረበት አጠገብ ነው። ወረፋው አሁን ፀሐይ ላይ ነው፤ መኪናዎ ግን ደህና ነው። ልጄ ያን ቀን ቤት ገብታ እራቷን ሳትነካ ተኛች።

፬ኛ. የክፍሉ ቁጥር ሳይሞላም ቢሆን በመጨረሻ ደብዳቤው ስለመጣ አመሰግናለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ሳጽናናት ከርሜ ነበር፤ ደብዳቤውም በእግሩ መጥቶ ነው መሰለኝ ምዝገባው በተዘጋ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ማኅተሙ በጣም ያምራል። ትምህርት ቤቱ አዝኖላት ቦታዋን ለከርሞ ሊያቆይላት ተስማምቷል፤ የእርስዎ ሰዎች ግን የዘንድሮ ደብዳቤ ለከርሞ ስለማያገለግል እንደ አዲስ ማመልከት አለባት ብለውናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉ አባቶች ወረፋውን ረስተውታል።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የእኛን ስለወሰዱት ደግሞ ቅር እንዳይልዎ አደራ እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይለቅ የወገብ ሕመም ጋር፣
የበርዎን ቁጥር የጻፍኩት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እባክዎ ጉቶውን እንዳያስነቅሉት። ልጄ ቀለበቶቹን ቆጥራ ስልሳ ሁለት ዓመት አግኝታበታለች፤ ከመሥሪያ ቤቱም ከእኔም ይበልጣል። ትናንት ብሩሼን ይዤ ሄጄ «ክፍል 15» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ለከርሞው ደብዳቤ ወረፋ የምንይዘው እሱ ላይ ተቀምጠን ነው፤ ቅጹም በዚህ ጊዜ ተሟልቷል።