የጃለታን ሳፋ አውርጂለት

የለም ቦንቱ፣ የዝንጀሮ ሙዚቃ ልቀርጽ ነው ስልሽ በከንቱ ነው የሳቅሽብኝ! ዝንጀሮም ሙዚቃ አያጣም። እዚህ መንዝ ጓሳ፣ የድምፅ መቅረጫ የምሸከምላት ተመራማሪ ዛሬ አንዲት ጭላዳ ዝንጀሮ አሳየችኝ። ለልጇ ከንፈሯን ጠብ ጠብ ጠብ ታደርግና ዝም ትላለች፤ እሱም ተራውን ጠብቆ ልክ በምቷ ይመልስላታል። «የሰው ሙዚቃ ከእንዲህ ዓይነት ነገር ሳይጀምር አይቀርም፤ ምናልባት ንግግሩም» አለችኝ።

ክው አልኩ። ወንድሜ ጃለታ በሦስት ዓመቱ አፉን አልፈታም ብለን ስንጨነቅ፣ ለካ ሳፋ የሚደበድበው ሊያናግረን ይሆናል! እኔ ደግሞ ወደዚህ የመጣሁ ዕለት ንድድ ብሎኝ ጮህኩበት፣ ሳፋውንም ቁምሳጥን ላይ ደበቅኩት። ትናንት እማዬ በስልክ «ተመስገን፣ ዝም አለልን» አለችኝ። ያ የኮልፌ ቤታችን እንደዚህ ተራራ ጭር አለ ማለት ነው።

እኛ ቤት ጎራ በይና ሳፋውን አውርጂለት። ሦስቴ ምቺና ጠብቂው፤ እንደ እኔ እንዳትጮሂበት። እማዬን ሳሚልኝ፣ እህትሽን ኤቢሴንም፤ የወረቀቱ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። ይሄን ወደ እናንተ የሚመጣው የተመራማሪዋ ሹፌር ነገ ጠዋት ይሰጥሻል። የስልኬ ሂሳብ አልቋል፤ ኔትወርክ ያለው ጉብታ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። መለሰም አልመለሰም፣ ሳይመሽ ደውዪ!

ጉዲሳ