ሲበቃው ቀጭ የሚለው ማጥበቂያ

ለምወድሽ ልጄ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ በሰው አገር እሾህ አይውጋሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎታል፤ አመሉ ግን ያው ነው፣ ሬዲዮውን ያስጮኸዋል።

እኔ ግን የምነግርሽ ነገር አለ። በስልክ ልነግርሽ ስል ወሬ እቀይራለሁ። ያ አደራ ያልሽኝ፣ ብሎኑ ሲበቃው ቀጭ የሚለው ማጥበቂያሽ አለ አይደል? የአልጋው ብሎን ዝጎ አልፈታ ቢለኝ፣ ረጅም ነው ብዬ እሱን አነሳሁ። ቧንቧ ሰክቼበት በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩ። ከዚያ ወልውዬ መለስኩት።

በቀደም አብሮሽ የተማረው መካኒክ ለውሃ ጣቢያው ትልቅ ፓምፕ ብሎ ማጥበቂያሽን ተዋሰኝ። የክዳኑን ብሎኖች አንዱን ከወዲህ፣ አንዱን ከወዲያ እያለ ቀጭ እስኪል አጠበቀ። ፓምፑ ሥራ ሲጀምር ብሎን ተበጥሶ ክዳኑ ተሰነጠቀ። አለቃው «ግዴለሽ!» ብሎ ከሥራ አገደው።

ወሬውን ስሰማ አባትሽን ስለ ማጥበቂያሽ ጠየቅኩት። «እሱ ለማጥበቅ ብቻ ነው፤ ከፈቱበት ልኩን ይስታል፤ ብሎኑ ከበቃው በኋላም ቀጭ አይልም» አለኝ። ለምን እንደጠየቅኩት አልነገርኩትም።

ልጁ ዕቃውን ሊመልስ መጥቶ፣ «እማማ፣ ጥፋቱ የእጄ ነው፤ የእሷ ዕቃ አይሳሳትም» አለኝ። ሻይ ቀድቼለት ሸኘሁት።

አለቃው ዘንድ ልሄድ ጫማዬን አጠልቅና ከደጃፍ እመለሳለሁ። ዕድሜሽን ያርዝመው ልጄ፣ ይህ እንደደረሰሽ ደውይልኝ። የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ፤ ብቻ አለቃው በር እስክደርስ ስልኩን አትዝጊብኝ።

እናትሽ