ጀርባዋን የሰጠችን ሴት

ሰኞ

ዛሬ አባባ ተቆጡ። እኔም ደስ አለኝ።

እናቴ ሐምሌ ላይ ካረፈች ወዲህ ከ«እሺ» እና ከ«ተይው» በቀር ቃል አይወጣቸውም ነበር። ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቆጥ ላይ ሰቅለዋል። የደብራችን መሪጌታ ለስቅለት እንዲደርስ የጌታን ግንዘት እንዲስሉ ካዘዟቸው ቆይተዋል፤ አቡጀዲው ግን ግድግዳው ላይ እንደተወጠረ ነጭ ነው። ጾሙ ደግሞ እየገፋ ነው።

ያስቆጣቸው ወሬዬ ነው። የማጥበው የጣልያኖቹ ሕክምና ቤት ፋሻ ነው። እናቴ ስትታመም መድኃኒት የሰጠን ሐኪም ሥሪ ሲለኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። ዛሬ ከጠረጴዛው በላይ አንድ ሥዕል ሰቅሎ አገኘሁት። ካገሩ የመጣ ነው፤ የጥንት ሥዕል በወረቀት የታተመ። ጌታ ከመስቀል ወርዶ በእናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። እራት ላይ ነገርኋቸው።

«ገናዦቹ ዮሴፍና ኒቆዲሞስስ?»

«ዳር ቆመዋል። ያቀፈችው እመቤታችን ናት። ፊቷ በጎን ነው፤ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል።»

እጃቸውን ከገበታው መለሱ። «በአንድ ዓይን የሚሳል ይሁዳ ነው። ሰቃዮቹ ናቸው። እመቤታችንን እንዲህ አድርጎ የሳለ ሰው...» አልጨረሱትም። ቆይተው «ሌላስ ምን አለበት?» አሉኝ።

ሌላስ አሉኝ። ይኸን እንዳልረሳ ብዬ ነው በመድኃኒት መጠቅለያ ጀርባ መጻፍ የጀመርሁት። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ

ዛሬ ፋሻው ብዙም አልታጠበ። ሥዕሉን ሳይ ዋልሁ። ያየሁት፦

ሰዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ዳር ከቆሙት ከሁለቱ በቀር ሁሉም ጎንበስ ብለዋል።

ከኋላ ተራራ አለ። ጠርዙ ከቀኝ ወደ ግራ ይወርዳል፤ ዓይን በዚያ ተንሸራትቶ እናትና ልጅ ፊት ለፊት የተገናኙበት ላይ ያርፋል። ሌላ ቦታ ልይ ብልም እዚያው ይመልሰኛል።

ቀይ ያለው አንዲት ሴት ቀሚስ ላይ ብቻ ነው። የጌታ ገላ ከሁሉም ይነጣል።

ከፊት አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ጀርባዋ ወደኛ ነው፤ ፊቷ ጨርሶ አይታይም።

ለአባባ አነበብሁላቸው። ከምድጃ ከሰል አንሥተው መደቡ ላይ መጫር ጀመሩ።

«ተራራው እንዴት ነው የሚወርደው? እንደ ዓባይ አፋፍ?»

«አይደለም፤ እንደ በሬ ጀርባ ነው፤ ከሻኛው ወደ ጭራው።»

ጫሩ። «የእርስዎ በሬ ከሳ» አልኋቸው። አጥፍተው እንደገና ጫሩ። ሦስት ጊዜ አስጠፋኋቸው። መደቡም ጠቆረ፣ ቀሚሴም ጠቆረ። ሲነጋ መደቡን እለቀልቀዋለሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ከአባባ ጋር ክርክር ነበር። «ፊት የሌለው ሰው መሳል ቀለም ማባከን ነው» አሉ።

ሐኪሙ ሥዕሉ ፊት ቆሜ አገኘኝ። «አንተ ሥዕል ትወዳለህ?» አለኝ። ጣልያን ከገባ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ይኸ ሰው ዛሬም ሴቱን ሁሉ አንተ ይላል። አባቴ ሠዓሊ መሆናቸውን ነግሬው ሴትዮዋ ለምን ጀርባዋን እንደሰጠች ጠየቅሁት። አያውቅም። ሥዕሉን የላከችለት እናቱ ናት። ቅዳሜ ወደ ሌላ አገር ይዛወራል፤ ሥዕሉም አብሮት ይሄዳል።

ሁለት ቀን ቀረኝ። ደግሞ የሥዕሉን ሰዎች እጆች በደንብ አላየኋቸውም።

ሐሙስ

ከሥራ ስመለስ ጎረቤት ለቅሶ ደረስሁ። ዘግይቼ ስለገባሁ ከኋላ ተቀመጥሁ። የሚታየኝ ጀርባ ብቻ ነበር፤ ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ። የማንንም ፊት ሳላይ አለቀስሁ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ገባችኝ። ሠዓሊው ከፊታችን ያስቀመጣት እኛ ከኋላዋ እንድንቀመጥ ነው። ዘግይተን የደረስን ለቀስተኞች እኛ ነን።

ሮጬ ለአባባ ነገርኋቸው። የያዙትን ከሰል አስቀመጡ። ዝምታው ተመለሰ ብዬ ፈራሁ።

«እናትሽ የተቀበረች ለት» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔም ያየሁት ጀርባ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። እሱን እያየሁ ነው የቆምሁት።»

ተነሥተው ብሩሾቹን ከቆጡ አወረዱ። ብል የበላው ሁለቱን ብቻ ነው። የቀሩት ደኅና ናቸው። ደኅና ናቸው።

ዓርብ

አባባ አብረውኝ መጡ። ያ የጣልያን ባንዲራ ከሚውለበለብበት በር ላለመግባት ምለዋል፤ ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ። «እጆቹን አይተሽ ንገሪኝ፤ እኔ እዚህ ነኝ» አሉ።

ለሐኪሙ ነገርሁት። «ይግባ» አለ። «ምለዋል፤ አይገቡም» አልሁት። በመስኮት አያቸው። ከዚያ ሥዕሉን ከግድግዳው አወረደና ይዞት ወጣ። ዘበኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሐኪሙ መንገዱን ተሻግሮ፣ ዲያቆን ሥዕል ለሕዝብ እንደሚያሳልም ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመላቸው።

አባባ ቀረብ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ፤ እግሬ እስኪዝል ድረስ። ለሥዕሉ እጅ ነሡ፤ ለሰውዬው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁለት። እኔ አመሰገንሁት።

ማታ ስንገናኝ «መልካም እጅ ነው» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ካገራቸው ባይወጡ ደግሞ እንዴት መልካም ነበር።» ቀጥለው «ቀዩ አንቺ እንዳልሽው አይደለም፤ ደብዝዟል። እኔ የምቀባው ግን አንቺ ያልሽኝን ነው» አሉ።

ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ በዚህ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ማክሰኞ

ሦስት ቀን አልጻፍሁም፤ እጄ ቀለም ነበር።

ሐኪሙ ሄዷል። አቡጀዲው ግን ሞልቷል። እመቤታችን በሁለት ዓይኖቿ ታያለች፤ በዚህ አባባን የሚረታ አልተፈጠረም። ዮሴፍና ኒቆዲሞስ መግነዙን ይዘዋል። ተራራው የሰባ በሬ ሆኗል። ከፊት ለፊት ባዶ ቦታ ትተው ትናንት ብሩሹን ሰጡኝ። «ጀርባዋን አንቺ ሥሪው» አሉ። ነጠላዋን ዘቅዝቄ አለበስኋት። ትከሻዋ ላይ መስመሩ ጠመመብኝ፤ አባባ አላረሙትም።

ዛሬ ከሰዓት መሪጌታ መጡ። ቆመው አዩና «ይህች ፊት የሌላት ማን ናት? ማንስ ነው የሠራት?» አሉ።

«ልጄ ናት የሠራቻት። አረፍ ይበሉ፣ መሪጌታ» አሉ አባባ፣ አጎዛውን ከሥዕሉ ፊት እያነጠፉ።

ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ ሲያደርጉ አየኋቸው። ሲነሡ «ከካህናቱ ጋር ሳልመክር ይሰቀላል አልልም» አሉ። በሩ ላይ ዞር ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ፤ አስተያየታቸው የቁጣም የምርቃትም አልመሰለኝም።

ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። አባባ ግን የጨነቃቸው አይመስሉም። ጥግ ተቀምጠው ሰማያዊውን ቀለም እየፈጩ በለሆሳስ ያዜማሉ። የትንሣኤ ዜማ ነው፤ ጾሙ ገና አልተፈታም። አላረምኋቸውም።