ተሳታፊ ቁጥር ዘጠኝ

ክራፓኝ ደሴት፣ ኤፕሪል 14

ውድ ልጄ ዱንያ፣

«ተሳታፊ ቁጥር ዘጠኝ ከመጥለቁ በፊት አልኮል መጠጣቱን በቅጹ ላይ ስለገለጸ ውጤቱ ከጥናቱ ተሰርዟል።»

ፊርማው ያንቺ ነው። ቁጥር ዘጠኝ ደግሞ አባትሽ ነው። ከኖርዌይ ድረስ የመጣው ደብዳቤ «አባዬ» የምትል አንዲት ቃል እንኳ አልያዘም።

እስቲ ከመጠጡ እንጀምር። ባለፈው ኦክቶበር ለጥናትሽ ክኒን ሰጥተሽ፣ ከመጥለቃችን በፊትና በኋላ የደም ሥራችንን ልትለኪ የመጣሽ ጊዜ አሥራችንም ጠላቂዎች በአያ ዩሬ ጀልባ ላይ፣ እንደ ልማዳችን፣ ውኃ የተቀላቀለበት ቀይ ወይን ጠጥተናል። አባቶቻችንም ከባሕር ወለል ላይ ስፖንጅ ሊለቅሙ ሲወርዱ ጉሮሯቸውን የሚያረጥቡት በእሱ ነበር። ቅጹን ስንሞላ ሮኮ የኔን አጮልቆ አየና ጮኸ፦

«አንተ መምህር፣ ምን ነካህ? ‹አዎ› ትላለህ እንዴ?»

«ጠጥቻለኋ!»

«እሱም መጠጥ ሆኖ! ቀለም ያየ ውኃ እኮ ነው!»

አያ ዩሬ ከመሪው ሳይዞር፣ «ተወው ሮኮ፤ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ውኃም መዝኖ ነው የሚጠጣ» አለ። ጀልባዋ በሳቅ ተናጠች።

ዘጠኙ «አልጠጣሁም» ብለው ጻፉ፤ ዛሬ በጥናትሽ ውስጥ አሉ። እውነቱን የጻፈው ወጣ። ቀይ ወይን ውስጥም በክኒን እንደሰጠሽን ቫይታሚኖች ያለ ነገር አለ ይባላል፤ ታዲያ የተበላሸው የኔ ውጤት ብቻ ነው ወይስ የአሥራችንም?

ንዴቴን ላቆየውና፣ ነገሩ ራሱ አልለቅ ብሎኛል። የጠላቂ ጠላት ተቻኩሎ ሲወጣ ደሙ ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀስ ብሎ የወጣ፣ ምንም ያላመመው ሰው ደም ቅዳም፣ ደም ከልብ የሚወስደው ቧንቧ፣ የውስጥ ገበሩ ዝሎ እንደሚገባው መስፋት እንደሚያቅተው የነገርሽን አንቺ ነሽ። ቫይታሚን ሲና ኢ ቀድመው ሲወሰዱ ይህን ያቀልላሉ አልሽ። ለምን? የምንኖርበት ኦክሲጅን፣ ሠላሳ ሜትር ታች ተጨምቆ ሲገባብን፣ ብረትን እንደሚያዝገው እኛንም ያዝገናል ማለት ነው? እናትሽን ብጠይቃት፣ «አንተ ሰው፣ ሎሚ ጨምቀህ ጠጣና አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ።

አሁን እኔም ልናዘዝ። አንዱ ቀን ቫይታሚን፣ ሌላው ቀን ባዶ ክኒን እንደምትሰጪን፣ የቱ የቱ እንደሆነ ግን እንደማትነግሪን ብለሽን ነበር፤ እኔ ግን ከመዋጤ በፊት በምላሴ ቀምሻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክኒን ጣዕም አልነበረውም፤ የሁለተኛው ቀን ኮመጠጠ። ስለዚህ ቫይታሚኑ የትኛው ቀን እንደተሰጠኝ አውቅ ነበር። ለዚህ ብትሰርዢኝ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር።

በዚያ በኮምጣጣው ቀን ከባሕር ስወጣ ክንዴን አምስት ደቂቃ አስረሽ ፈታሽው። ሮኮን ስትለኪው የደም ቅዳውን መስፋት የሚያሳየው መስመር ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የኔ ቫይታሚኑን ውጬም ንቅንቅ አላለም። ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞርሽና፣ «አባዬ፣ በቃ ልበስ፣ ይበርድሃል» አልሽኝ። የበረደውስ ያንቺ እጅ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው። የሰረዝሽኝ በወይኑ ነው ወይስ በደም ቅዳዬ? የሁለቱንም ቀን ቁጥር፣ ከመጥለቄ በፊትና በኋላ ያለውን፣ ሳትቀንሺና ሳትጨምሪ ጻፊልኝ። ልታባብዪኝ አትሞክሪ። ቁጥር ማንበብ እችላለሁ።

የስፖንጅ ለቀማው ሜይ 1 ይጀመራል። ትናንት ሮኮ፣ «የመተንፈሻ አየር ሲሊንደርህን ልሙላልህ?» ሲለኝ «ቆይ» አልኩት። ደንግጦ አየኝ፤ ይህን ቃል ከኔ አፍ ሰምቶ አያውቅም።

የሰሜኑ ብርድ አይድፈርሽ። እጅሽ ይባረክ፤ ያን ቀን ክንዴ ላይ የቀዘቀዘው እጅሽም።

አባትሽ ሺሜ

መልስሽን በጽሑፍ፣ ከነፊርማሽ፣ እስከ ኤፕሪል 28 እጠብቃለሁ። እስከዚያ ባሕር አልገባም።