የበዓሉን ንግሥት ወደ ሰማይ ለላኩልን ከንቲባ

ለክቡር ዶን ኤሊዬሰር ባራሳ፣ የፑንታ ማንግላር ከተማ ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ ከሁሉም በላይ ዘወትር መሬት የሚረግጠውን እግርዎን እመቤታችን ትጠብቅልን እያልኩ ይህን በአደባባይ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ በካርሜን እመቤታችን ንግሥ ዕለት የበዓሉ ንግሥት እንደ ወትሮው ከጀልባ ላይ ሳይሆን፣ የጨርቅ ክንፍ ካላት ትንሿ አውሮፕላን ላይ ሆና አበባ እንድትበትን ስለወሰኑ እናመሰግናለን። የንግሥትነቱ ዕጣ የወጣው ለልጄ ለሉስ ኔይዳ ስለሆነ የእኔ ምስጋና ከሌላው ሰው ይበልጣል። ይሁን እንጂ ጥቂት ነገሮች እንቅልፍ ነሥተውኛል።

፩. አብራሪው የእህትዎ ባል ፌርሚን ነው። ጎበዝ ጀልባ ነጂ መሆኑን የሚክድ የለም። የበረራ ሥልጠናው ግን አውሮፕላኗን የሸጠው ሰውዬ አንድ ጊዜ ከኋላ አስቀምጦ በባሕሩ ላይ ያዞረው ብቻ ነው። ስጠይቀው፣ «አበልጄ፣ ሞተር ሞተር ነው፤ ውሃው ቀጠነ እንጂ ምን ተለወጠ?» አለኝ።

፪. ባለፈው እሑድ ከባሕር ዳርቻው እንደተነሣ ሞተሩ ተንተፋተፈ። ጀልባ ነጂ ማዕበል ሲመጣበት የጀልባዋን አፍንጫ ቀና ያደርጋል፤ ፌርሚንም በልማዱ፣ ከክንፏ ሥር የተንጠለጠለውንና ወደ ፊት ሲገፋ አፍንጫዋን የሚያነሣውን መሪ ዘንግ ገፍቶ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና አደረገው። በአየር ላይ ግን ሞተር ሲደክም አፍንጫው ካልተደፋ ፍጥነት አይገኝም፤ ፍጥነት ያጣ ክንፍ ደግሞ ጨርቅ ነው። ከዘንባባ አናት ላይ ረግረጉ ውስጥ ወደቀ፤ ጭቃው አተረፈው። እርስዎም በማግስቱ አውሮፕላኗን ቀለም አስቀብተው «በእመቤታችን የተፈተነች» ብለው ስላስጻፉባት አድናቆቴን እገልጻለሁ።

፫. ብዙ ደጅ ጠናሁ። የወደቡ ሹም «የእኔ ሥልጣን ውሃው ላይ ያበቃል» አሉኝ። የበረራ ሹሞቹ ባሕር ዳርቻው የአውሮፕላን ማረፊያ ስላልሆነ አይመለከተንም አሉ። ቄሱ ለእመቤታችን ንገሪያት አሉኝ። ዕጣ የደረሳት ልጅ እምቢ ካለች ዓመቱን ሙሉ መረብ ባዶውን ይወጣል በሚባልበት ከተማ፣ ባሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጎረቤቶቼ ካሁኑ ሰላምታ ቀንሰውብኛል። ልጄ ራሷ፣ «እማ፣ እምቢ ብል ከተማው ይበላናል፤ ብወጣ ግን ምናልባት እተርፋለሁ» ትለኛለች። እኔም ቀሚሷን እየሰፋሁላት ነው።

እርስዎ በምክር ቤቱ ፊት «ከተቀመጥኩበት ወንበር ይልቅ አውሮፕላኗ ትታመናለች» ብለዋል። ወንበርዎን ምን ያህል እንደሚያምኑት ስለምናውቅ፣ ከልጄ አስቀድመው በኋላው መቀመጫ ተቀምጠው አንድ ዙር እንዲበሩልን በትሕትና እለምናለሁ።

ክብርዎን ሁልጊዜ አንገቷን ቀና አድርጋ ለማየት የምትመኝ፣
ታዛዥዎ ኤርሚንያ ፓዲያ፣ ከዓሣ ገበያው

ማሳሰቢያ፦ የገበያው ሴቶች ቸኩለው ለድምፅ ማጉያው ሰውዬ ነግረውታል፤ እርስዎ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚበሩ መንደር ለመንደር እየዞረ እያወጀ ነው። ባይመችዎ አንቀየምም፤ ምክንያትዎን ብቻ በዚያው ድምፅ ማጉያ ያሰሙን። ለእርስዎ የበቃው ምክንያት ለልጄም ይበቃታል።