ውጪ ታድራለች ያልኩባት ቴሳ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለአበባ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? የደብረ ብርሃን ክረምት እንዴት አደረገሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል? ጆሮሽስ? ባለፈው በስልክ እኔ ስለ ጤናሽ ስጠይቅሽ አንቺ ስለ ገብሱ ስትመልሺልኝ፣ ሐምራዊት መሀል ገብታ ብትጮህልሽም አልሆን ሲል፣ ከእንግዲህ ከእህቴ ጋር የምጨዋወተው በደብዳቤ ነው ብዬ ወሰንኩ። ልጅሽ አንብባ ታሰማሽ። ጋሽ ኃይለመስቀልስ? ስኳሩ ረገበለት? ላሚቱ ወለደች? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና መሆን ማለት ቆሞ መሄድና ሥራ መግባት ከሆነ ማለቴ ነው። ውስጤን ከጠየቅሽኝ ግን ተሰብሬያለሁ። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ምክንያቱን ስነግርሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ሳቂ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ምክንያቱ ውሻ ናት።

እዚህ አትላንታ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማው ላይ፣ እኔ በምሠራበት ፓርኪንግ መኪናዋን የምታቆም ዳያን የምትባል ፈረንጅ አለች። ሳህሌ ያረፈ ጊዜ ለቅሶ ድረስ መጥታ፣ ቋንቋ ሳታውቅ ከሴቶቹ መሀል ቁጭ ብላ የዋለች ናት። ባለፈው ጥር አንድ ቀን ሒሳብ የምቀበልበት መስኮት ጋ ቆማ ትለማመጠኝ ጀመር። በሰሜን፣ በበረዶ አገር፣ በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች ያረባ የነበረ ሰው ኪሳራ ሲመታው አርባ ውሻ በሰንሰለት እንደታሰረ ጥሎ ጠፍቶ፣ እሷ የምትረዳው ድርጅት ከሞት የተረፉትን በየከተማው እያከፋፈለ ነበር። ቋሚ ቤት እስኪገኝ በአደራ ማኖርን እዚህ ፎስተር ይሉታል። ለሁለት ሳምንት ብቻ አንዷን ያዥልኝ አለችኝ። ለቅሶዬ ላይ የዋለችን ሴት በምን አፌ እምቢ ልበላት? ይሉኝታ ያዘኝና እሺ አልኩ። ውሻ አምሮኝ እንዳይመስልሽ።

ቴሳ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ዓይኗ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ፣ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የተቀደደ፣ ደረቷ ላይ ማሰሪያው ፀጉሯን የላጨው ቦታ ቆዳው ጠቁሮ የቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። ደረጃ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ቴሌቪዥን ስከፍት ጠረጴዛ ስር ትገባለች፣ ምግብ ስሰጣት ሰው የሚነጥቃት ይመስል ሳታኝክ ትውጠዋለች። ወይ ጣጣዬ አልኩ። እንደ አገራችን ጓሮ አስሬ ላኑራት ብል ደግሞ የድርጅቱ ደንብ አይፈቅድም፤ ቤት ውስጥ መሆን አለባት። ስለዚህ መጀመሪያ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አደረግኳት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ከዚያ መኝታ ቤቴ በር ላይ። በየሳምንቱ አንድ ክንድ እየተጠጋች ለፋሲካ ከአልጋዬ ስር፣ ከእግሬ በኩል ደረሰች። እኔም አላባረርኳት። ስትተነፍስ ይሰማኛል እታለም። ዓመት ሙሉ ከራሴ ሌላ ትንፋሽ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ ወድቃ የምትቀረውን እህትሽን በየማለዳው እየጎተተች ሦስት ማይል ታስኬዳታለች። ጋሪው እኔ ነኝ ማለት ነው! መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ ሁለቴ ጥላኛለች። ጎረቤቶቼን ሁሉ በእሷ ሰበብ አወቅኳቸው፤ ስምንት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ሳልፋቸው የኖርኩ ሰዎች ስሜን እየጠሩ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ዶክተሩ ግፊትሽ ወርዷል፣ ምን አገኘሽ ብሎ ቢጠይቀኝ እግር በእግር የምትከተለኝ አንዲት ጎታች አገኘሁ አልኩት። ፀጉሯ ግን አይጣል ነው። እንደ ተባዘተ ጥጥ ይረግፋል፤ አንቺ ብታገኚው ፈትለሽ ጋቢ ታወጪበት ነበር። እኔ ያኔ ገና ከሐዘን ልብስ አልወጣሁም፣ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ከጥቁሬ ላይ ስለቅም ነው የምውለው።

ሁለቱ ሳምንት ሰባት ወር ሆነ። ሐምሌ ላይ ዳያን መጥታ ወይ የራስሽ አድርጊያት ወይ ሌላ ቤት እንፈልግላት አለችኝ። የራሴ ትሁን አልኩ፤ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ልጅ በማደጎ እንደሚወሰድ ፎርም አለው፣ ምስክር አለው፣ በመጨረሻም ቤትሽን የሚያይ ሰው ይላካል።

ከኪዳነ ምሕረት ማኅበሬ ግን ደብቄያታለሁ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ቄስ የሚገባበት፣ ጽዋ የሚጠጣበት ቤት ውስጥ ውሻ ትተኛለች ቢባል የት እገባለሁ? ያውም አልጋዋ ስር! ሴቶቹ በስልክ ሲቀባበሉኝ ታየኝ። ተራው የሌላ ሰው ሲሆን ችግር የለም። የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ተራ ግን የእኔ ሆነ። ቅዳሜ እንሰብሰብ ተባለ። ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን አጥቤ፣ ጠዋት ቴሳን ለአንድ ቀን ብቻ ጓሮ ዛፉ ጥላ ስር አሰርኳት፤ ውሃዋ ውስጥ በረዶ ጨምሬላታለሁ። ደጁ ምድጃ ነው፤ የአትላንታን ነሐሴ ባላየሽው ጥሩ።

በዚያው ጠዋት ስልክ ተደወለ። ቤት የምታየዋ ልጅ ናት። በሰፈርሽ በኩል ላልፍ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ብመጣ ይመችሻል ወይ አለች። አሥራ አንድ የሚሉት የእኛን አምስት ሰዓት ነው። አይመችም ማለት ነበረብኝ። ታስቸግራለች ይሉኛል ብዬ ይመቸኛል አልኩ። የማኅበሩ ሴቶች ደግሞ ሰባት ሰዓት ተብለው ዘጠኝ ነው የሚደርሱት፣ ምን ቸገረኝ አልኩ። ልጅቷ ከመድረሷ በፊት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ወይዘሮ አበዛሽ ናቸው። የማኅበራችን ታላቅ፣ ሁላችንም የምንፈራቸው ሴትዮ ትልቅ ቦርሳ ይዘው ላግዝሽ ብዬ ነው የመጣሁት አሉኝ።

ልጅቷም መጣች። ፎርሟን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ወይዘሮ አበዛሽ አጠገባችን ቆመው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ እንግሊዝኛ ከእኔ አብልጠው ነው የሚያውቁት፣ ሃያ ዓመት ሚድታውን ሆቴል የሠሩ ናቸው። ልጅቷ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ሐኪሟ ማነው አለች፣ መለስኩ። ከዚያ ቴሳ የት ነው የምትተኛው አለችኝ።

እታለም፣ መልሱ አፌ ላይ ነበር። የሴትዮዋ ቢላ ቆመ። እኔም ውጪ ነው፣ ቤት ውስጥ ገብታ አታውቅም አልኩ።

ልጅቷ ቀና ብላ በዚህ ሙቀትም ጭምር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማምለጫ ስትሰጠኝ እኮ ነው! እኔ ጭራሽ ኮራ ብዬ ሁልጊዜም ውጪ ናት አልኩ። ይህን ስል ቴሳ ድምፄን ሰምታ ከጓሮ ማላዘን ጀመረች። ልጅቷ በመስታወቱ አየቻት፤ ምላሷን አውጥታ እያለከለከች፣ በአጭር ገመድ ታስራ። ፎርሟ ላይ ረዥም ጻፈች። ወይዘሮ አበዛሽ አዩኝና ወደ ሽንኩርታቸው አንገታቸውን ደፉ። ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ። ጅል!

ሰኞ ኢሜይል መጣ። ያ ሁሉ ፀጉር ያላትን ውሻ በዚህ ሙቀት ውጪ የሚያሳድር ቤት አይሰጣትም፣ በፎስተርነትም መቆየት አትችልም ይላል። ከሥራ አስፈቅጄ ቢሯቸው ሄድኩ። እንግዶቼን አፍሬ ነው የዋሸሁት፣ አልጋዬ ስር ነው የምትተኛው፣ ይኸው ፎቶ አልኳት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያየሁትና የነገርሽኝ አንድ ነበር፣ ዛሬ ሌላ ትነግሪኛለሽ፣ የትኛውን ልመን አለችኝ። ፎቶ የሚያሳየው አንድ ቀን ነው፣ አለቆቼም የፈረሙበትን አይቀይሩም አለችኝ። ዳያን ለምናቸው ነበር፣ እሷንም አልሰሟትም። ምን ብዬ ልፍረድባቸው? ውሻዋን ከእኔ ነው የጠበቋት፣ በእኔው ቃል።

በአሥረኛው ቀን ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለች ኮንየርስ በምትባል ከተማ አንድ ሱቅ ደጅ አስረክቢ ተባልኩ። የሚወስዷት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፣ ከተራራው አገር ከሰሜን የመጡ፤ ቤታቸው ብርድ ነው፣ ለእሷ ከእኔ ቤት ሳይሻል አይቀርም። ይህን ለራሴ ስነግረው ውዬ አድራለሁ፣ አይሠራም። በወረቀት ሁሉንም ጻፍኩላቸው፤ ነጎድጓድ እንደምትፈራ፣ ዶሮ ቆዳ እንደምትወድ፣ ቤት ውስጥ ከእግር ስር እንደምትተኛ። የመኪናው በር ሲከፈት ማንም ሳይገፋት ዘላ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ ጫኗት፣ አወረዷት፣ ለምዳዋለች። ተቀምጣም ፊት ለፊት ወደ መንገዱ አየች። ዞር ብትልልኝ ብዬ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። አላለችም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሳህሌ ቀብር ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ሳህሌን የወሰደብኝ እግዚአብሔር ነው። እሷን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይሻለኝ ነበር። መስከረም ላይ የማኅበሩ ተራ የወይዘሮ አበዛሽ ሆነ። ሴቶቹ ሲሄዱ ዕቃ ላጥብ ብዬ ቀረሁ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ውሻሽስ ደህና ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሰው ወሰዳት አልኩ። ክው አሉ። ለካ ሁሉም ከፋሲካ ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። ቅዳሴ ላይ ስሰግድ ከኋላዬ ቆመው ፀጉሯን ከጥቁር ቀሚሴ ላይ የሚለቅሙልኝ እሳቸው ነበሩ። ማንም እንዳያነሳባት፣ ታፍራለች፣ ብቻዋን ከምትሆን ነፍስ ያለው ነገር ከአጠገቧ ይኑር ተባብለው ተማክረው ነው ዝም ያሉት። ያን ቅዳሜ ማልደው የመጡትም ለወጡ አልነበረም። ቄሱ ሳይደርሱ ምንጣፌን ሊጠርጉልኝ ነበር፣ ቦርሳቸው ውስጥ መጥረጊያ ነበር። ውጪ ነው የምትተኛው ስል ሲሰሙ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ በእንግዳ ፊት ላሳፍርሽ አልፈለግኩም አሉኝ።

ተቃቅፈን አለቀስን። እሳቸውን ልቆጣ አልቻልኩም፤ እሳቸውም እኔው ናቸው። ግን እታለም፣ ያን ሁሉ የዋሸሁት ለማን ነበር? ቤቱን ያጠብኩት፣ በዚያ ሙቀት ያሰርኳት፣ ከማን ልደብቃት ነው? አሁንም ማለዳ ከእንቅልፌ እየነቃሁ እግሬን እንዳልረግጣት ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ፣ ምንጣፉ ባዶ ነው።

እንግዲህ ለጋሽ ኃይለመስቀል ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጥ። መክብብን ሳሚልኝ፣ ሚስቱ በሰላም እንድትገላገል እጸልያለሁ። ለእማማ ቅድስትም፣ ለእነ ፊልጶስ ቤትም አንድ ባንድ ሰላም በይልኝ። ሐምራዊት የኔ ቆንጆ፣ ለእናትሽ ስታነቢ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህን ደብዳቤ አጥፈሽ አትደብቂው፣ ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ። እህትሽ እንዴት ናት ብሎ የሚጠይቅሽ ሁሉ፣ እታለም፣ ቄስም ይሁን ጎረቤት፣ የሺ ውሻ ነበረቻት፣ ቤቷ ውስጥ አልጋዋ ስር ትተኛ ነበር፣ ትወዳትም ነበር ብለሽ ንገሪልኝ። እኔ ማለት በነበረብኝ ሰዓት አላልኩትም።

እህትሽ የሺእመቤት
አትላንታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.