የአባባ ትንፋሽ የት እንደ ገባ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለኑሪዬ፣

እታለም፣ እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለው ወይስ የባሕር ማዶው የብሪንዲዚ እርጥበት አሁንም ደረጃ መሐል ላይ ያስቀምጥሻል? ባልሽ ቬሲምስ? ልጅሽ ኤሊዛስ? እዚህ እማ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ በቅሎዋም ከሁላችን ትሻላለች። ያልተመቻቸው አባባ ብቻ ናቸው። ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ ባለፈው እሑድ እንደገና ሊሞቱብን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሙት ዓመታቸው፣ በኤሊዛ ሰርግ በስልክሽ የቀዳሽው የአባባ ዘፈን ይከፈትና እሳቸው ይምሩ፣ እኛ እንደ ድሯችን ከሥር ድምፅ እንያዝላቸው ተባለ። በወንበራቸው ሌላ መሪ ለማስቀመጥ ማንም አልደፈረም። አጎት ሙሎ ብቻ፣ ምናልባት ማጫወቻው እንቢ ቢል እኔ አለሁ ብለው ከወዲሁ ጉሮሯቸውን በራኪ አረቄ ማለስለስ ጀምረዋል።

ዘፈኑ እኛ ዘንድ የደረሰው በዘመድ እጅ ተቀባብሎ ነው። አቴና ያለው ኤርጌስ ከኋላ የሚሰማውን ነፋስ ላጥፋለት ብሎ አጸዳውና ፋይሉን አምቆ ላከ። ቲራና ያለችው ሽፕሬሳ የአባባን ፎቶ ደርባበት፣ እሷም አምቃ ላከች። አጎት ሙሎ ደግሞ ቦታ እንዳይፈጅ ብለው ጭራሽ አሳንሰው ለመንደሩ በተኑት። ፋይሉ በታመቀ ቁጥር ማሽኑ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ይጥላል አሉ። የሚቀጥለው ከተረፈው ላይ ይጥላል። የተጣለው አይመለስም። እንዲህ ሆኖ ዘመድ ሁሉ ከፍቅር ብዛት አባባን ትንሽ ትንሽ እየላጠ ጨረሳቸው።

እሑድ ለልምምድ ተቀምጠን ከፈትነው። አባባ ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ገባ ንብ ሆነው መጡ። እሱስ ይሁን፣ ግን ወንዶቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መሪው አየር ሲስብ ሰምተን አይደል ከሥር የምንገባው? ያቺ ትንፋሽ የለችም። ቃሉ አለ፣ ዜማው አለ፣ ትንፋሹን ጥለውታል። አጎት ሙሎ በታላቅ ሐዘን ፂማቸውን ጠረጉና፣ ወንድሜ ራሱ ቦታውን ለቀቀልኝ አሉ።

እማ ከማድቤት ወጥታ ቆማ አዳመጠች። «ይሄ ሰውዬ የባሌን ዘፈን ያውቃል፤ ባሌ ግን አይደለም። የማይተነፍስ ሰው እቤቴ አይዘፍንም» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚባል ነገር አታምንም። ይህንንም በወረቀት ያስጻፈችኝ እሷ ናት፤ የጭነት መኪና ሹፌሩ ፔትሪት በመርከብ ያሻግርልሻል።

ዋናው ቅጂ መስታወቱ በተሰነጠቀው አሮጌ ስልክሽ ውስጥ ነው። እባክሽ እንዳትልኪው፣ እንዳታሳንሺው፣ እንዳታሳምሪው። ነፋሱም ይንፈስ፣ የጎረቤት ውሻም ይጩህ። ስልኩን ለፔትሪት ስጪው ልልሽ ነበር፤ እማ ከለከለችኝ። ከሥራ አይለቁኝም፣ ለሙት ዓመቱ አልመጣም ካልሽ ወዲህ በየእሑዱ ደውለሽ ደህና ነኝ ትያለሽ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እሷ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? «ቃሏ ደረሰኝ። ትንፋሿ ግን አልደረሰኝም።»

ስለዚህ ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ለቬሲም ሰላም በይልኝ፤ ኤሊዛን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ። እማ አንገትሽን አቅፋ ስማሻለች። አጎት ሙሎም እጅግ ሰላም ብለውሻል፤ ባትመጪ ፈጽሞ አይቀየሙሽም።

ወንድምሽ ሴልፎ
ከቭሎራ በላይ፣ ክሮይ መንደር
ኦክቶበር 6 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.